የአራጋው ኪኒን

ራዚያ ራሷን ሲያማት እንደ ሌላው ሰው ጋደም ብላ የምትነሣ አልነበረችም። መጀመሪያ በግራ ዓይኗ በኩል የሚብለጨለጭ ነገር ይመጣል። ከዚያ ግማሽ ራሷን ይወቅራታል፤ ማስመለሱ ይከተላል። በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር «ያ ረቢ» እያለች ትራስ ውስጥ ትቀበራለች። ሲለቃት ደግሞ ታጥባ፣ ኩሏን ተኩላ፣ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ትላለች። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። የሚያስል ሰው ይታመናል፣ የሚያነክስ ይታመናል፤ ትናንት ሞተች ስትባል የነበረች ሴት ዛሬ ቀሚስ ስትሰፋ ከታየች ግን ሰው ምን ይበል?

ቅሬው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የእነ ራዚያ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የገባበት፣ ሞት ሲመጣ ወንዱ መቃብር የሚቆፍርበት፣ ሴቷ ለቅሶ ቤቱን የምትይዝበት ማኅበር ነው። የቀረ ይጠየቃል። አራስ ነኝ ያለች ትማራለች። እግሬ ተሰብሯል ያለ እግሩን አሳይቶ ይማራል። ራሴን አሞኝ ነው ያለች እንደሆነ ግን ሴቶቹ ይተያያሉ።

«ራስማ የማንን አያመውም?» ትላለች አሲያ። አሲያ ገበያው ውስጥ በርበሬ የምትነግድ፣ ከበርበሬው ይልቅ ወሬው የሚሸጥላት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ አፏ ነው እንጂ።

ራዚያን ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት ግን የእናትነሽ ነገር ነበር። እናትነሽ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ ጠብሳ ለመንገደኛ የምትሸጥ፣ ዝናው የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት ክርስቲያን ሴት። የራዚያ ባል ባድሩ በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ እናትነሽ የራሷን ቤት ዘግታ እዚያው ሰነበተች። ራዚያን እንደ ሕፃን አጎረሰቻት፣ አጠበቻት፤ ያን ጊዜ ትንሽ የነበረችውን የራዚያን ልጅ ሉብናን አዝላ አስተኛች። ለቅሶ ብድር ነው ይባላል። ብድሩ የሚመለስበት ቀን መጥቶ፣ የእናትነሽ እናት አምባሰል ገጠር ውስጥ አርፈው፣ ቅሬው በሙሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲሄድ፣ ራዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ትቧጥጥ ነበር። እናትነሽ ከቀብር ተመልሳ «ምን ታደርጊ፣ አሞሽ ነው» አለቻት። ከልቧ ነው ያለችው። ራዚያ ግን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ሆነ፤ እናትነሽ ሌላ ክፉ ቀን ቢመጣባት አጠገቧ መገኘት።

እንዳያማት ያልሞከረችው የለም። ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ ዱዓ አድራጊ እናቶች፣ ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት፤ ልቧ ረጋ፣ ራሷ ግን እንደነበረው ቀጠለ። እናትነሽ የግሸን ማርያምን ጠበል በጠርሙስ አምጥታ ቀባቻት። ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫዋ አንጠባጠቡላት። ከዚያ ዋግምት ታገመች፤ ሽማግሌው ግንባሯን በምላጭ በጣ በጣ አድርገው፣ ቀንዱን ደፍተው ደሟን ሳቡት። ከሁሉም የወደደችው ዋግምቱን ነው። ሕመሙን ስላስቀረላት አይደለም፤ አላስቀረም። ምልክቱ ግንባሯ ላይ ስለቀረ ነው። በዚያ ብጣት ላይ ሻሽ አስራ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት። አሲያ እንኳ «ውይ፣ ለካ የምር ኖሯል የሚያምሽ!» አለቻት። ራዚያ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን በመታመሟ ተከብራ አታውቅም።

ሕመሙ ግን ክብር አይገባውምና ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ክሊኒክ ገባች። እዚያ የሚሠራው ሙዘይን ጤና መኮንን ቢሆንም ሰፈሩ ዶክተር ነው የሚለው። ሁሉን አስነግሮ ከሰማት በኋላ ማይግሬን ነው አላት።

«መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው» አለ። «አንዱ ሲያምሽ የሚያስታግስ ነው። እሱን እንደ ቆሎ ስትቆረጥሚው ከርመሽ አሁን ራሱ ማስታገሻው እያሳመመሽ ነው። ሌላው ሳያምሽ በየቀኑ የሚወሰድ፣ እንዳይመጣ የሚከላከል ነው።»

«ዋግምቱስ?»

«ከልክሎሻል?»

ራዚያ የግንባሯን ብጣት በጣቷ ዳሰሰች። ሙዘይን ከመከላከያዎቹ መጀመሪያ ያሰበው ለልብና ለደም ግፊትም የሚሰጠውን ነበር፤ አስም እንዳለባት ስትነግረው ትንፋሽሽን ይዘጋብሻል ብሎ ተወው። አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ትንሽ ኪኒን ሰጣት። «ማታ ማታ ትወስጃለሽ። አፍሽን ያደርቅሻል፣ ጠዋት ጠዋት ያደነዝዝሻል። ለሳምንታት ምንም የሠራ አይመስልሽም፤ ታገሺው። በራስሽ ጊዜ ደግሞ እንዳታቋርጪ።»

ታገሠች። አፏ ኩበት ሆነ። ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ከዚያ ግን በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው ሕመም በወር መምጣት ጀመረ፤ ሲመጣም ቆሞ የሚያስኬድ ሆነ። በተከታታይ ለቅሶ ሄደች፣ በተከታታይ ሰርግ ሠራች። ችግሩ ይህ መድኃኒት ምልክት የለውም። ማንም አላያትም፣ ማንም «አፊያሽ እንዴት ነው?» አላላትም። ደህና የሆነ ሰው ማን ያየዋል?

ጦርነቱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የእናትነሽ ልጅ ዝናው በ2010 ለውጥ መጣ ሲባል ባጃጅ ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪጎረንን ድረስ የጨፈረ ልጅ ነበር። ጦርነቱ በሰሜን ሲጀመር በዚያው መንገድ ከዘማቾቹ ጋር ተጭኖ ሄደ። በ2014 ጦርነቱ ራሱ በወልድያ በኩል ወርዶ ሐይቅ ገባ። ሱቁ ተዘረፈ፣ ክሊኒኳም ባዶዋን ቀረች። ሙዘይን ያተረፋትን ጥቂት መድኃኒት እቤቱ ደብቆ ነበርና ለራዚያ አንድ ብልቃጥ በሻርፕ ጠቅልሎ ላከላት። ያን የጭንቅ ጊዜ ራዚያ፣ ሉብናና እናትነሽ በአንድ ክፍል፣ አንድ እፍኝ ገብስ እየቆሉ አሳለፉት። ራዚያ ያን ሁሉ ተኩስ ሰምታ ራሷን አላመማትም። ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። የዝናው ወሬ ብቻ ጠፋ።

ያን ሰሞን አሲያ ሉብናን ለልጇ ልትጠይቅ መጣች። ራዚያ ደስ ብሏት ማር ልታወጣ ቁምሳጥኑን ስትከፍት ብልቃጧ ተንከባላ አሲያ እግር ሥር ወደቀች። አሲያ አነሣቻትና አገላብጣ አየቻት።

«እንዴ፣ ይቺ የአራጋው ኪኒን አይደለችም?»

አራጋው ከግንባር የተመለሰ የአሲያ ጎረቤት ነው። መናኸሪያው መካከል ቆሞ ማንም ሳያዘው መኪና ያስተናብራል፤ ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ ይተኛል። ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደው ይህንኑ ኪኒን ሲሰጡት አሲያ አይታለች።

«የኔ አይደለም» አለች ራዚያ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። «የሰው አደራ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔማ ደንግጬ! እንዲህ ያለው ነገር በዘር ይመጣል ይላሉ፤ ልጄን ላሳብድ ነው እንዴ ብዬ።» አሲያ ሣቀች። ራዚያም አብራ ሣቀች።

አሲያ ስትወጣ ራዚያ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለችው። በዚያ ሰሞን መድኃኒት ፍለጋ ከውጫሌ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር። ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ጣለችው። በማግሥቱ ዋግምት ታገመች፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሰው ሁሉ እንዲያያት ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አሲያ ሎሚ ይዛ ጠየቀቻት። ሕመሙም አልመጣም። የቆየ መድኃኒት ውለታው ባንድ ጊዜ አያልቅም፤ ራዚያ ግን ምስጋናውን ለቀንዱ ሰጠችው። «ኸኪኒን ዋግምት ይሻላል» ብላ ለገበያ ሴቶች መካሪ ሆነች። ሙዘይን መንገድ ላይ አግኝቷት ኪኒኑን ሲጠይቃት «እየዋጥሁ ነው፣ ዶክተር» አለችው። ውሸት አንዴ ከጀመረ እግር አለው።

አንድ ቀን የቅሬው ዳኛ ጋሽ ኑርዬ ወደ ስፌት መኪናዋ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ዝናው ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ነው መጥቶ የተናገረ። ቅሬው ተማክሮ መርዶው ሐሙስ ንጋት ላይ እንዲሆን ቆርጧል።

«አጠገቧ የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሴቶቹ ይመጣሉ፣ እኔ እናገራለሁ። ክንዷን የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ። እሷም ሌላ ሰው አትፈልግም።»

«እሺ፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«ራስሽንስ? ያመኛል ካልሽ ዛሬውኑ ንገሪኝ፤ አናፍርብሽም።»

እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በሩን ወለል አድርገው ከፍተውላት ነበር። ራዚያ ሻሿን ነካ አድርጋ «ድኛለሁ» አለች። «ዋግምቱ አድኖኛል። አይስጉ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች እስከ አርዲቦ ገበያተኞች ድረስ የዝናውን ሞት ያልሰማ አልነበረም፤ እናትነሽ ብቻ ቀረች። ሰው ከእሷ ዓሣ ሲገዛ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። ማክሰኞ ዕለት የአምባሰልን ዜማ እያንጎራጎረች ወደ ራዚያ መጣች። ሰማያዊ ጨርቅ ይዛለች።

«ለዝናው ሸሚዝ ስፊልኝ» አለች። «ሲመጣ የሚለብሰው የለውም። ሳይከሳ አይቀርም መቼም፤ ቢሆንም ሰፋ አድርጊው፣ እኔ አበላዋለሁ።»

ራዚያ ጨርቁን ተቀበለች። እናትነሽ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታያት ትከሻውን ለክታ በመቀስ ቀደደችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በራዚያ ዓይን አልዞረም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ በግራ ዓይኗ በኩል ያ የሚብለጨለጭ ነገር መጣ።

ሮጣ ክሊኒክ ሄደች። ሁሉን ለሙዘይን ተናገረች፤ ብልቃጧን የት እንደጣለቻት ስትናገር መሬት መሬት እያየች ነበር። ሙዘይን አልተቆጣትም። ቢቆጣት ምን ነበረበት! «መከላከያው ለነገ አይደርስም» አላት። «ዛሬ ጀምረሽው ውጤቱን የምታዪው ኸሳምንታት በኋላ ነው። ለጊዜው ያለኝ ይኸ ነው።» ማስታገሻ ሰጣት። እቤቷ ስትደርስ አስመለሳት፤ ማስታገሻውም አብሮ ወጣ።

ሐሙስ ሲነጋጋ ራዚያ ለመነሣት ሞከረች። ወለሉ ከዳት። ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አዘጋጅታ ነበር፤ በዚያው ነጠላ ላይ አስመለሰችበት። ይህን ሁሉ ሚስጥር ሆድ ውስጥ ይዞ መቆየት እንዲህ ያደርጋል አለች በልቧ፤ ይህም ውሸት ነው፣ እንዲህ ያደረጋት ሚስጥሩ ሳይሆን የጣለችው ኪኒን ነው። ሉብና እናቷ ስታቃስት ሰምታ ተነሣች። ለሉብና ስለ መርዶው የነገራት የለም፤ ልጅ አፏ አይያዝም ተብሎ ተደብቋታል። እናቷ እንዲህ ስትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ እናትነሽን መጥራት። በሩን ከፍታ ወጣች።

«ሉብና... ተይ...» አለች ራዚያ። ድምፅዋ ከትራሱ አላለፈም።

እናትነሽ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መጣች። ሳፋውን አስጠጋች፤ በአንድ እጇ የራዚያን ግንባር ይዛ በሌላው ጀርባዋን አሻሸቻት። አፏን ጠረገችላት። የቆሸሸውን ነጠላ ጠቅልላ ወደ ጎን አስቀመጠች።

«ኧረ እኔን! ኧረ እኔን ይንቀለኝ!» አለች በሹክሹክታ።

«ሂጂ» አለች ራዚያ። «ቤትሽ ሂጂ።»

«ቤቴ ማን አለ ብለሽ? ዝም በይ አሁን። ዝናው ሲመጣ ደሴ ሐኪም ቤት ይወስድሻል። እሱስ ማን አለው ኸኔና ኸአንቺ ሌላ?»

ራዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ውጭ እግር ተሰማት። ብዙ እግር፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ። የእናትነሽን በር ሲያንኳኩ ሰማች፤ ሲጠብቁ ሰማች። ከዚያ የሉብና ድምፅ፦ «እትዬ እናትነሽ እኛ ቤት ናት፤ እናቴን አሟት።» እግሮቹ ወደ ራዚያ በር ዞሩ። ራዚያ እንዲሄዱ ለመነች። ለነገ ያድርጉት፣ ያ ረቢ፣ እዚህ አይሁን፣ በኔ ትውኪያ መካከል አይሁን።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ኑርዬ ቀድመው ገቡ፤ አሲያና ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። ክፍሏ ሞላች። እናትነሽ ሳፋውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸውና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ድምፅ ያማታል» አለች። «ለዚህ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ መጣችሁ? አትደንግጡ እናንተ፣ ራሷን ነው። ይለቃታል።»

እናትነሽ ፈገግ እንዳለች ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከመካከላቸው አንድም ሰው በሽተኛዋን አያይም። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነበር።

«ማንን ነው የምታዩት?» አለች።

«እናትነሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «አብሽሪ። የሰጠ ነው የወሰደው። ዝናው...»

የሚቀጥለውን መናገር አላስፈለጋቸውም። እናትነሽ አፏን ከፈተች። ሴቶቹ አብረዋት ሊጮኹ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ጩኸቱ ግን አልወጣም። ዓይኗ ወደ ራዚያ ዞረ፤ በሻሽ ወደታሰረው ራሷ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ነከሰችው። ደረቷ ይነሣል ይወድቃል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ድምፅ ግን የለም። አሲያ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ሐይቅ ከተማ ብዙ መርዶ አይታለች፤ እናት ጎረቤቷን እንዳያማት ብላ ጩኸቷን የዋጠችበት መርዶ ግን አይታ አታውቅም።

ራዚያ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ክፍሉ ዞረባት። ድኛለሁ ያለው አፏ፣ የኔ አይደለም ያለው አፏ፣ አሁን ቢቻለው መሬት ውስጥ ይገባ ነበር። ክንዷን ልትይዝ ቃል የገባችላት ሴት እሷን እያስታመመች ነው።

«ጩኺ» አለች።

እናትነሽ ራሷን ነቀነቀች።

«ጩኺ እናትነሽ! የኔ ራስ ይቆረጥ! በእናትሽ፣ ጩኺ!» እጇን ሰድዳ ነጠላውን ከእናትነሽ ጥርስ መካከል ጎትታ አወጣችው።

እናትነሽም ጮኸች። «ዝናውዬ! የኔ መከታ!» ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አሲያ ደረቷን ደለቀች፣ ደጅ ያሉት ወንዶች አስተጋቡ። ጩኸቱ የራዚያን ራስ ለሁለት ሰነጠቀው። ጆሮዋን አልያዘችም። እጇን የእናትነሽ ጉልበት ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እያየ ሁሉን ልትሰማ ቆረጠች፤ እሱንም ግን አልቻለችም፤ ማስመለሱ መጣባትና ጎንበስ አለች።

እናትነሽ የልጇን ስም እየጠራች፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ እየጮኸች፣ በአንድ እጇ ሳፋውን አስጠጋችላት።